ግብርን በኢንተርኔት ማሳወቅ፦ ሀዋሳ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐምሌ ሲብት ስልኬ ዕረፍት የለውም፤ አቶቴ አካባቢ ካለችው ትንሽ የሒሳብ ቢሮዬ ደንበኞቼና ጎረቤቶቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከቀላሉ ጀምሬ እዚህ አስቀምጬዋለሁ።

በኢንተርኔት ግብር ማሳወቅ ሲባል ምን ማለት ነው?

በፊት ቅጽ በእጃችን ሞልተን፣ ኮፒ አድርገን፣ ማኅተም መትተን መስኮት ላይ እንሰለፍ ነበር። አሁን ያንኑ ቅጽ ኮምፒዩተር ላይ ትሞሉታላችሁ። ሲስተሙ ይደምራል፣ የሚከፈለውን ያወጣል፣ የክፍያ ማዘዣ ቁጥር ይሰጣችኋል። እናንተ በባንክ ወይም በስልክ ትከፍላላችሁ። የገቢዎች ሚኒስቴር ይህን አገልግሎት ኢ-ታክስ ይለዋል።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልንገራችሁ። ሲስተሙ ደብተራችሁን አያውቀውም። ጎደሎ ቁጥር ከሰጣችሁት ጎደሎውን አሳምሮ ደምሮ ያወጣላችኋል። የቀረልን ሰልፉ እንጂ ሒሳቡ አይደለም።

ደመወዝተኛ ነኝ። እኔም ማሳወቅ አለብኝ?

ደመወዝ ብቻ ከሆነ ገቢያችሁ፣ የለባችሁም። አሠሪያችሁ በየወሩ ግብሩን ቆርጦ፣ ወሩ ካለቀ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ አሳውቆ ገቢ ያደርጋል። ዓመቱ ሲያልቅ እናንተ የምትሞሉት ቅጽ የለም። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን በየዓመቱ «ታክስ ፋይል ላደርግ ነው» ሲሉ እንሰማና እኛም የቀረብን ነገር ያለ ይመስለናል። የኛ ሥርዓት ሌላ ነው።

የምታሳውቁት ከደመወዙ ሌላ ገቢ ካላችሁ ነው። ሱቅ ካላችሁ፣ ቤት ካከራያችሁ፣ ንግድ ፈቃድ አውጥታችሁ የማማከር ሥራ ከሠራችሁ። አሠሪው ግብር የመቁረጥ ግዴታ የሌለበት ሠራተኛም፣ ለምሳሌ ኤምባሲ የሚሠራ ሰው፣ ግብሩን ራሱ አስልቶ ያሳውቃል።

ከደመወዜ የሚቆረጠው ልክ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ የሚሠራው በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 የተሻሻለው ሰንጠረዥ ነው። በወር የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ያለው 25 በመቶ፣ እስከ 14,000 ያለው 30 በመቶ ነው። ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ደመወዙ 14,001 የሆነ ሰው መላ ደመወዙ በ35 በመቶ አይባዛም። 35 በመቶ የሚነካው ያቺን የመጨረሻዋን አንድ ብር ብቻ ነው። ስለዚህ «ጭማሪው ይቅርብኝ፣ ግብሩ ይበላዋል» የሚለው ወሬ ልክ አይደለም። ጭማሪ ተቀበሉ።

በ12,000 ብር እንየው። ከመጀመሪያው 2,000 ምንም። ከሚቀጥለው 2,000 ላይ 300 ብር። ከሚቀጥለው 3,000 ላይ 600፣ ከዚያኛው 3,000 ላይ 750፣ ከቀረው 2,000 ላይ 600። ድምሩ 2,250 ብር። ፔይሮል የሚሠሩ ሰዎች ባቋራጭ 12,000ን በ30 በመቶ ያባዙና 1,350 ይቀንሳሉ፤ መልሱ ያው ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆናችሁ 7 በመቶ ጡረታ ማለትም 840 ብር ይቆረጣል። ድርጅቱ ደግሞ ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል። ጡረታው ግብር ከመሰላቱ በፊት አይቀነስም፤ ሁለቱም የሚሰሉት ከዋናው ደመወዝ ነው። እጃችሁ የሚገባው 8,910 ብር ይሆናል። በድሮው ሰንጠረዥ ግብሩ ብቻ 2,700 ነበር። ወረቀታችሁ ላይ ይህ አሮጌ ቁጥር ካለ የሒሳብ ክፍሉን በር ብታንኳኩ ያምርባችኋል፤ በወር 450 ብር ቀላል አይደለም።

ፋይሌ ፌዴራል ነው ወይስ ክልል? ምን ለውጥ አለው?

ሁሉም ነገር ከዚህ ይጀምራል። ሰው ግን የሚጠይቀው መጨረሻ ላይ ነው፣ ሲስተሙ «አላውቅህም» ካለው በኋላ።

ግብርን ማን ይሰበስባል የሚለውን የወሰነው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው፤ አንቀጽ 96፣ 97 እና 98 ላይ ታገኙታላችሁ። ባጭሩ፣ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ግብር ለፌዴራል ይገባል። የክልል መንግሥትና የግል ድርጅት ሠራተኛ ግብር የክልል ነው። የግለሰብ ነጋዴም ለክልል ይከፍላል። የድርጅት ትርፍ፣ ለምሳሌ የኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር፣ የጋራ ነው። በዚህ ምክንያት ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ባልና ከተማው ትምህርት ቤት የምታስተምረው ሚስት አንድ ቤት እየኖሩ ግብራቸው ሁለት ቦታ ይሄዳል።

ሀዋሳ ላይ የገቢዎች ሚኒስቴር ቅርንጫፍ አለ። ከዚያ ሌላ የሲዳማ ክልልና የከተማው የገቢ መሥሪያ ቤት አለ፣ ታች ደግሞ ክፍለ ከተማ። ኢ-ታክስ የሚኒስቴሩ ነው። ስማችሁ ክፍለ ከተማ ካለ መዝገብ ላይ ከሆነ ግን ለኢ-ታክስ እንግዳ ናችሁ፤ የክልሉን አሠራርና መግቢያ የሚነግራችሁ ፋይላችሁ ያለበት ጽሕፈት ቤት ነው። ጎረቤቴ የላከልኝን ሊንክ ከፍቼ እሞክር አትበሉ። የጎረቤታችሁ ሱቅ ወደ ማኅበር ተቀይሮ ይሆናል።

የቆየ ንግድ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር አጣሩ። ሲዳማ ክልል የሆነው በ2012 ነው። ከዚያ በፊት ፋይላችሁ የተከፈተው በደቡብ ክልል ስም ነው። አሁን መዝገብ ላይ ያለው አድራሻችሁና ክፍለ ከተማችሁ የአሁኑ መሆኑን አንዴ እዩት።

ለመጀመር ምን ምን ያስፈልገኛል?

ባለ 10 አሃዝ ቲን ቁጥር፣ ማለትም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥራችሁ። ፋይዳ መታወቂያ። በራሳችሁ ስም ያለ ስልክና የራሳችሁ ኢሜይል። ነጋዴ ከሆናችሁ ንግድ ፈቃድ። ከዚያ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ታወጣላችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ በአካል ሄዳችሁ ስልኩና ኢሜይሉ ፋይላችሁ ላይ በትክክል መግባቱን ብታረጋግጡ ይሻላል። አንዲት ፊደል የተሳሳተች ኢሜይል ሳምንት ታንከራትታለች።

ስልኩ የራሳችሁ ይሁን ስል ከልቤ ነው። የማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው እዚያ ላይ ነው። የወንድማችሁን ስልክ አስመዝግባችሁ፣ ወንድማችሁ ወላይታ ሶዶ ሄዶ፣ ስልኩ ቻርጅ ጨርሶ፣ ኮዱ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ሲሞት አይቻለሁ።

መቼ ነው ማሳወቅ ያለብኝ?

የግብር ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ደረጃ «ሀ» የሆነ ግብር ከፋይ ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ጊዜ አለው። በማሻሻያ አዋጁ ደረጃዎቹ ሁለት ብቻ ሆነዋል፤ መለያው በዓመት 2 ሚሊዮን ብር ሽያጭ ነው። ከዚያ በታች የሆነ ግለሰብ ደረጃ «ለ» ነው። የሱ ጊዜ አጭር ስለሆነ ሐምሌ እንደገባ ጽሕፈት ቤቱ የሚለጥፈውን ቀን አይቶ ይያዝ።

ስልክ የሚያሳየውን የፈረንጅ ቀን ከኛው ጋር አታደባልቁ። ጥቅምት 30 ኦክቶበር 30 አይደለም።

ቅጹን ስሞላ ምን ላይ ልጠንቀቅ?

መጀመሪያ የግብር ዘመኑ ላይ። ይህን ከራሴ ጥፋት ተምሬዋለሁ። አንዴ የአንድ ደንበኛዬን የሐምሌ የደመወዝ ግብር ሞልቼ ስጨርስ ከዝርዝሩ ውስጥ የነካሁት ነሐሴን ነበር። ከፈልን፣ ደረሰኝ አወጣን፣ ተጨባበጥን። ወር ቆይቶ ሐምሌ አልተከፈለም የሚል ማስታወቂያ መጣ። ብሩ አልጠፋም፣ ነሐሴ ላይ ተቀምጧል። ግን ከነሐሴ ወደ ሐምሌ ለማዛወር ደብዳቤ፣ ደረሰኝ፣ ማብራሪያ፣ ደግሞ ደብዳቤ። ለአንዲት ጠቅታ ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ። ደንበኛዬ እስካሁን ሲያገኘኝ «ዛሬ ወሩ ስንት ነው?» ይለኛል።

ሁለተኛው ኤክሴል ነው። ሠራተኞች ካሏችሁ የስማቸውን ዝርዝር ከነቲን ቁጥራቸው በፋይል ታያይዛላችሁ። ብዙ ቲን ቁጥር የሚጀምረው በዜሮ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ዜሮ። ኤክሴል ደግሞ ከፊት ያለ ዜሮ አይወድም። 0012345678 ብላችሁ ጽፋችሁ ኢንተር ስትሉ 12345678 ብቻ ይቀራል። አሥር የነበረው ስምንት ሆነ። ሲስተሙ ሙሉ ፋይሉን ይመልስባችኋል፣ እናንተም ኔትወርኩን ትሰድባላችሁ። መፍትሔው ከመጻፍ በፊት የዚያን ዓምድ ዓይነት ወደ ጽሑፍ መቀየር ነው። የቀረው ሰው አንድ ብቻ ከሆነ ከቁጥሩ ፊት አንድ ነጠላ ትእምርተ ጥቅስ ብትጥሉም ይሠራል። ይህችን ብቻ ያወቀ ሰው ግማሽ ቀን ይተርፈዋል።

ሦስተኛው፣ ቀድሞ የተቆረጠባችሁን አትርሱ። ለትልቅ ድርጅት ሸጣችሁ ወይም አገልግሎት ሰጥታችሁ ዊዝሆልዲንግ (ገዢው ከሚከፍላችሁ ላይ ለግብር የሚያስቀረው) ተቆርጦባችሁ ከሆነ ያ ገንዘብ የዓመቱ ግብራችሁ ቅድሚያ ክፍያ ነው። ደረሰኙን ይዛችሁ ቦታው ላይ ካልሞላችሁት ሲስተሙ ከየት ያመጣዋል? ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ።

ወጪ አለኝ፣ ደረሰኝ ግን የለኝም። ምን ላድርግ?

ደረሰኝ የሌለው ወጪ በግብር ዓይን ወጪ አይደለም። በሲስተሙ ላይ መሙላት ትችላላችሁ፣ ማንም አይከለክላችሁም። ኦዲት ሲመጣ ግን ይጣላል፣ ግብሩም ከነቅጣቱ ይመለሳል።

ሀዋሳ ላይ ይህ ጥያቄ የሚበዛው ከምግብ ቤቶች ነው። አንዲት ደንበኛዬ ሁልጊዜ ጠዋት አሞራ ገደል ወርዳ ዓሣ ትገዛለች። አሥጋሪው ጀልባው ጫፍ ላይ ቆሞ መረቡን እያራገፈ ይሸጥላታል። የማሽን ደረሰኝ ስጠኝ ብትለው ይስቅባታል። ለእንዲህ ያለ ግዢ በግብር መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ የሚታተም የግዥ ቫውቸር አለ። የሻጩ ስም፣ አድራሻ፣ መታወቂያ፣ ፊርማና የተከፈለው ብር ይሰፍርበታል። እሷም አሁን ጥራዙን ከዘምቢሏ አትለየውም። መጀመሪያ ሰሞን አሥጋሪዎቹ ፊርማ ሲባሉ ዕዳ መስሏቸው ይሸሹ ነበር። አሁን ለምደዋል።

ሰነዱን ሁሉ ለዓመታት አስቀምጡ። የማሽን ደረሰኝ ቀለሙ ይጠፋል፣ በተለይ የሀዋሳን ሙቀት አይችልም። የተቀበላችሁ ቀን ፎቶ አንሱት ወይም ኮፒ አድርጉት፤ ዋናውን ግን አትጣሉ።

«ላክ» የሚለውን ነክቻለሁ። አለቀ ማለት ነው?

አላለቀም። ማሳወቅ አንድ፣ መክፈል ሌላ ነው። ቅጹ ሲላክ ሲስተሙ የክፍያ ማዘዣ ቁጥር ይሰጣችኋል። በዚያ ቁጥር ካልከፈላችሁ ያሳወቃችሁ ባለዕዳ ናችሁ። ብዙ ሰው «ማታ ልኬ ተኝቻለሁ» ይላል፣ ጠዋት ሲነሳ ቀኑ አልፏል።

ከከፈላችሁ በኋላ ተመልሳችሁ ግቡና ሁኔታው ወደ ተከፈለ መቀየሩን እዩ። ደረሰኙን አውርዱ። የስክሪን ፎቶ ብቻ ይዞ መቅረብ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ክርክር ያስነሳል።

በቴሌብር መክፈል እችላለሁ?

ይቻላል። በባንክም ይቻላል። ቴሌብር የዕለት የዝውውር ገደብ ስላለው ከፍ ያለ ብር ከሆነ በባንክ ይሻላችኋል። ከመክፈላችሁ በፊት ስክሪኑ ላይ የሚመጣው ስም የእናንተ መሆኑን አንብቡ። የሌላ ሰው ግብር መክፈል ጽድቅ ቢሆንም የእናንተን ዕዳ አያነሳም።

«ሲስተም የለም» ቢሉኝስ?

ጥቅምት 28 ላይ ሲስተም ሊከብድ ይችላል፤ አገር ሙሉ የሚገባው ያን ቀን ነው። ሌሊት ወይም ማለዳ ሞክሩ። ገጹ ሲንተፋተፍ «ላክ» የሚለውን ደጋግማችሁ አትንኩ። ሁለት ቅጽ ሊሄድ ይችላል። ከዚያ ሁለት ግብር ከፋይ ትመስላላችሁ። ውጡና ተመልሳችሁ ግቡ፣ የላካችሁት ዝርዝር ውስጥ መኖሩን እዩ፣ ከሌለ ብቻ ድገሙት።

የመጨረሻው ቀን ላይ ከሆነና አልሠራ ካለ የስህተቱን ገጽ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ፎቶ አንሱ። ለገቢዎች ሚኒስቴር ፋይል 8199 ደውሉ። ከዚያ በአካል ሂዱና በጽሑፍ አመልክቱ። ያመለከታችሁበትን ቅጂ አስፈርማችሁ ያዙ። በቃል የተነገረ ነገር ማስረጃ ሆኖ አላየሁም።

ፒያሳ ያለ ኢንተርኔት ቤት ገብታችሁ የምትሠሩ ከሆነ ኮምፒዩተሩ «የይለፍ ቃሉን ላስቀምጥልህ?» ሲል እምቢ በሉት። ስትጨርሱ ከአካውንታችሁ ውጡ። ያወረዳችሁትን ፋይልም ከዚያ ማሽን ላይ አጥፉ። ከእናንተ ቀጥሎ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ አታውቁም።

ዘንድሮ ምንም አልሠራሁም። ባዶ ቅጽ ልላክ?

አዎ፣ ላኩ። ፈቃዱ እስካለ ድረስ ፋይሉ ሕያው ነው። በአዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት የሚከፈል ግብር ባይኖር እንኳ ሳያሳውቁ መቅረት ለአንድ የግብር ዘመን 10,000 ብር ያስቀጣል። ሱቅ ዘግቶ ሁለት ዓመት ዝም ያለ ሰው «ምን ሠራሁና!» እያለ ሲመጣ ከማየት የሚከብደኝ ነገር የለም። ንግዱን ከተዋችሁት ፈቃዱን መልሱ፣ ፋይሉን አዘጉ፣ ክሊራንስ ማለትም የግብር ዕዳ የለበትም የሚል ወረቀት ያዙ። በር መቆለፍ ብቻውን ንግድ መዝጋት አይደለም።

ቀኑ አልፎብኛል። ቅጣቱ ምን ያህል ነው?

ቅጣቱ ሁለት ነው፣ ሰው የሚያውቀው ግን አንዱን ነው። አዘግይቶ ማሳወቅ ያልተከፈለውን ግብር በየግብር ዘመኑ 5 በመቶ እየጨመረ እስከ 25 በመቶ ይደርሳል። አዘግይቶ መክፈል ደግሞ ለመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ በየወሩ 2 በመቶ ነው። ከነዚህ በላይ ወለድ አለ።

40,000 ብር ግብር ኖሮባችሁ ሦስት ወር ብትቆዩ በአዘገየ ክፍያ ብቻ 2,000፣ 800 እና 800፣ በድምሩ 3,600 ብር ይጨመራል። ወለዱና የማሳወቂያው ቅጣት ለብቻቸው ናቸው። ብሩ ባይኖራችሁም በቀኑ አሳውቁ የምለው ለዚህ ነው። ቢያንስ አንዱን ቅጣት ታስቀራላችሁ። የከፊል ክፍያ ጥያቄ ይዞ ለመቅረብም ያሳወቀ ሰው ፊቱ ይሻላል።

የይለፍ ቃሌ የሒሳብ ሠራተኛዬ ጋ ነው። ችግር አለው?

አለው። ይህን የምለው እኔ ራሴ የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። ባለሱቁ ኢሜይል የለውም። ልጁ «ተወው ጋሼ፣ በኔ እናደርገዋለን» ይላል። ኢሜይሉም ስልኩም የልጁ ሆኖ ይመዘገባል። ሁለት ዓመት በሰላም ያልፋል። አንድ ቀን ልጁ ሌላ ሥራ ያገኝና አዲስ አበባ ይገባል፣ ወይም በክፍያ ይጣላሉ። ከዚያ የባለሱቁ ፋይል ቁልፍ ሻሸመኔን አልፎ ሄዷል ማለት ነው። የረሳሁትን ይለፍ ቃል ላድስ ቢል ኮዱ የሚሄደው ለልጁ ነው።

በስሙ የተሞላውን ቁጥርም አያውቀውም። ሽያጩ ተቀንሶ ተሞልቶ ቢገኝ የሚጠየቀው የቲኑ ባለቤት ነው። «አካውንታንቱ ነው» ብሎ መዳን የለም። ስለዚህ ኢሜይሉና ስልኩ የእናንተ ይሁን። ባለሙያው ይሙላ፣ እናንተ አጠገቡ ተቀምጣችሁ ድምሩን አንብቡ፣ ከዚያ ይላክ። ሲጨርስ የይለፍ ቃሉን ቀይሩ። ቅር የሚለው ባለሙያ ካለ ሌላ ፈልጉ። በቴሌግራም «ግብርህን እናስቀንስልሃለን፣ ቲንህንና ኮዱን ላክ» ለሚሉትማ መልስም አያስፈልግም።

ደመወዝም አለኝ፣ ቤትም አከራያለሁ። ይደመራል?

አይደመርም። ሕጉ ገቢን በሰንጠረዥ ይለያል፤ ደመወዝ ሰንጠረዥ «ሀ»፣ ኪራይ ሰንጠረዥ «ለ»፣ ንግድ ሰንጠረዥ «ሐ» ነው። ለየብቻ ተሰልቶ ለየብቻ ይከፈላል። «ከደመወዜ ተቆርጧል» የሚለው መልስ ለኪራዩ አይሠራም። ታቦር ሥር ሦስት ሰርቪስ ቤት ሠርቶ ያከራየ መምህር ዓመት ጠብቆ የኪራይ ገቢውን ያሳውቃል።

ውሉ ላይ 4,000 ተጽፎ እጅ በእጅ 9,000 የሚቀበሉ አሉ። አሁን ኪራይ በባንክና በቴሌብር ነው የሚገባው። ተከራዩም ከእናንተ ጋር ሲጣላ መጀመሪያ የሚያወጣው ያንን ወረቀት ነው።

ባንኬ የገባው የእቁብ ብር ነው። ገቢ ተብሎ ይቆጠርብኛል?

እቁብ ገቢ አይደለም። በየሳምንቱ የጣላችሁት የራሳችሁ ገንዘብ በአንዴ ተመለሰ፤ ይኸው ነው። ብድርም፣ እህታችሁ ከውጭ ለእናታችሁ ሕክምና የላከችውም የንግድ ገቢ አይደለም። ችግሩ የባንክ ወረቀት ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት መምሰሉ ነው። 300,000 ብር ገባ ይላል፣ በቃ። ኦዲተሩ ሽያጭ ነው ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ለዚህ መድኃኒቱ ሁለት ሒሳብ መክፈት ነው። የሱቁ ለብቻ፣ የቤቱ ለብቻ። እቁቡ ከሱቁ ሒሳብ ከተጣለ ግን የእቁብ ደብተሩን ኮፒ፣ ዳኛውና ጸሐፊው የፈረሙበትን፣ ዕጣ የደረሳችሁ ቀን ያዙ። ከሦስት ዓመት በኋላ ዳኛውን ፈልጎ ማስፈረም፣ እሱም በሕይወት ካለ፣ ሌላ ሥራ ነው።

ተሳስቼ ልኬያለሁ። ማስተካከል ይቻላል?

ይቻላል። የተላከው ቅጽ ላይ እንዲሁ ገብታችሁ መሰረዝ አትችሉም። የተሳሳተውን ለይታችሁ የማሻሻያ ጥያቄ ታቀርባላችሁ፣ ማስረጃ ታያይዛላችሁ። ስህተቱን ራሳችሁ ቀድማችሁ ካገኛችሁት በራሳችሁ ሂዱ። ኦዲተር ካገኘው በኋላ «ልናገር ስል ነበር» ማለት ማንንም አያሳምንም።

የተወሰነብኝ ግብር በዝቷል። በሲስተሙ ላይ «አልስማማም» ብዬ ብጽፍ ይበቃል?

አይበቃም። የውሳኔ ማስታወቂያው ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ በ21 ቀናት ውስጥ ቅሬታችሁን በጽሑፍ ማቅረብ አለባችሁ። 21ዱ ቀን የሚቆጠረው ወረቀቱ ከደረሳችሁ ቀን እንጂ ካነበባችሁበት ቀን አይደለም። ስለዚህ ስትቀበሉ ቀኑን ጻፉበት። ቅሬታው ላይ «በዝቶብኛል» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። የትኛው ቁጥር፣ በምን ሰነድ፣ በስንት ይስተካከል የሚለውን ዘርዝሩ። «የቀን ሽያጬ ይህን ያህል አይሆንም» የሚል ሰው የዓመቱን የማሽን ሪፖርት ይዞ ቢሄድ ይደመጣል፤ ባዶ እጁን የሄደ ግን ምሬቱን ብቻ ነው የሚያሰማው።

የቅሬታው መልስ ካላረካችሁ የፌዴራል ፋይል ያለው ሰው በ30 ቀናት ውስጥ ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ይሄዳል። እዚያ ለመሄድ ግን ከተከራከራችሁበት ግብር ግማሹን ቀድማችሁ ታስይዛላችሁ። ለትንሽ ነጋዴ ይህ ከባድ ነው፣ እኔም አልወደውም። የክልል ፋይል ያለው ሰው በክልሉ መንገድ ይሄዳል። አብዛኛው የማውቀው ጉዳይ የሚያልቀው ግን በመጀመሪያዎቹ 21 ቀናት፣ በአንዲት በደንብ በተዘጋጀች ፋይል ነው።